ለሱቁ 21 ቀን፣ ለመርዙ ሰባት ወር፦ ከዲፕስሉት የሚነሳ የአይጥና የፈቃድ ጥያቄ

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ስለ አይጥ ነው። «አገር እንዲህ ሆና ሰውዬው ስለ አይጥ ያወራል እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ። ከአይጧ ጉድጓድ ተነስተን የገበሬውን መርዝ፣ የደቡብ አፍሪካን ካቢኔ፣ በየሎኬሽኑ ሱቅ ከፍተው የሚያድሩ ወገኖቻችንን ኑሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስድስት ሕፃናትን ሞት እናገኛለን። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት፣ ካልሆነ በቀር እናገራለሁ እንጂ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲፕስሉትን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን፣ ከተማው የሚያልቅበት ዳር ላይ ያለ ሰፈር ነው። በ1995 ገደማ፣ አፓርታይድ በወደቀ ማግሥት፣ ከሌላ ቦታ ለተነሱ ሰዎች ጊዜያዊ መጠለያ ይሁን ተብሎ ተጀመረ። ጊዜያዊው ቋሚ ሆነና በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 138 ሺህ ያህል ሰው ተቆጠረበት። ከዚያ ወዲህ የመጣውን እናንተው ገምቱት። በአንድ ጎኑ በግንብ የታጠሩ የሀብታሞች መንደሮች አሉ፤ በሌላው ጎኑ የከተማው ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያና ሰፊ የከተማው እርሻ ይገኛል። በመሀል ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደግፎ የቆመው ሕዝብ አለ። በመንገዱ ላይ ፍሳሽ ሲወርድ ማየት ለነዋሪው ብርቅ አይደለም። ቆሻሻውም በሰዓቱ አይነሳም። እርሻ፣ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ የታጨቀ ቤት። ለአይጥ ከዚህ የተሻለ አገር ከየት ይመጣል?

ወገኖቻችን እዚያ አሉ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሌላም አካባቢ ተነስተው ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጠው የደረሱ ልጆች ናቸው። ዕቃውን ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ እኛ አሁንም ጂፒ ከምንለው ጎዳና ያመጣሉ። ጎዳናው ስሙ ተቀይሮ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ የሐበሻ አፍ ግን አልቀየረውም። በሎኬሽን አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በብረት ፍርግርግ አጥረው፣ ዳቦ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የልጆች ቺፕስ ይሸጣሉ። አብዛኞቹ የሚተኙትም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሱቅ የአገሩ ሰው ስፓዛ ይለዋል።

አንዱ ልጅ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። ስለ ወንበዴ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ወረቀት ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያ ብሶቱ ሌላ ሆነ። «ጋሼ፣ ቀን ሱቁ የኔ ነው፤ ሌሊት የነሱ ነው» አለኝና ጥጉ ላይ የተፈለፈለውን ሲሚንቶ አሳየኝ። አይጠ መጎጥ ነው። በዱቄቱ ጆንያ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ።

ይህ ቡናማው አይጠ መጎጥ ቆፋሪ ነው። ከግድግዳ ሥር፣ ከቦይ ዳር፣ ከቆሻሻ ክምር ሥር ጉድጓዱን ይምሳል። ሴቷ ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ ስምንት፣ አሥር ትወልዳለች፤ ልጆቿ በሁለት በሦስት ወራቸው ራሳቸው ወላጅ ይሆናሉ። ስለዚህ ዛሬ አሥሩን ብትገድሉ፣ ምግቡና ጉድጓዱ እስካለ ድረስ በሚቀጥለው ወር ቦታው ይሞላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ነዋሪው ምን ያደርጋል? ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ፣ በባቡር ጣቢያው፣ በመንገዱ ዳር የሚሸጥ መርዝ አለለት። በትንንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ጥቁር ወይም ግራጫ ፍሬ፣ ወይም ስም በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ ፈሳሽ ነው። ዋጋው ጥቂት ራንድ ነው። በሰፈሩ ስሙ «ሃሌፒሪሚ» ነው። በሶቶ ቋንቋ ጀምበር አትጠልቅም እንደማለት ነው፤ የቀመሰችው አይጥ የጀምበርን መጥለቂያ አታይም ለማለት። ሌላው ስሙ «ሁለት እርምጃ» ነው፤ ከዚያ በላይ አትራመድም። ሌቦችም የግቢ ውሻ ለመግደል ይጠቀሙበታል።

በላስቲኩ ውስጥ ያለው ምንድነው? ብዙውን ጊዜ አልዲካርብ ወይም ተርቡፎስ የሚባል ነው። ሁለቱም የአይጥ መርዝ አይደሉም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ሁለቱም የእርሻ መድኃኒቶች ናቸው። ተርቡፎስ በቆሎ ሲዘራ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሥር የሚበሉ ትሎችንና ነፍሳትን እንዲገድል የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተባይ መድኃኒቶችን በአደገኛነታቸው ሲመድብ ተርቡፎስን ያስቀመጠው በመጀመሪያውና እጅግ አደገኛ በሚለው ምድብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለገበሬዎቹ አይፈቅደውም። አልዲካርብ ደግሞ በደቡብ አፍሪካም ከታገደ ዓመታት ሆኖታል። ታግዶም በመንገድ ላይ ይሸጣል፤ ይህንንም ያዙልኝ።

በሕጉ እንየው። ደቡብ አፍሪካ በ1947 የወጣ፣ በቁጥር 36 የሚታወቅ ሕግ አላት። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ከብት መኖ፣ ስለ ግብርናና ስለ ከብት መድኃኒት ነው። በዚህ ሕግ ማንኛውም የተባይ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት መመዝገብ አለበት። ምዝገባው ደግሞ እንዲሁ በጅምላ አይደለም፤ ለየትኛው ሰብል፣ ለየትኛው ተባይ፣ በምን መጠን፣ በምን ዕቃ ታሽጎ እንደሚሸጥ በመለያው ላይ ይጻፋል። ከተጻፈው ውጭ መጠቀም ጥፋት ነው። በክፍያ ለሌላ ሰው ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያም በዚሁ ሕግ ተመዝግቦ ቁጥር ይይዛል። እንግዲህ የበቆሎው መድኃኒት ከገበሬው መጋዘን ወጥቶ፣ በማንኪያ ተለክቶ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ ዲፕስሉት ሲደርስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሕግ ተጥሷል። ያለ ፈቃድ ተሸጧል፤ ያለ መለያ ታሽጓል፤ ላልተፈቀደለት እንስሳ ተሰጥቷል። አንዱም ጥሰት የተጀመረው በስፓዛው ባንኮኒ አይደለም።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህ እኛን ምን አገባን እንዳትሉ። የእኛን ፍልፈል አስቡ። ለእንሰትና ለድንች ገበሬ ፍልፈል ጠላት ነው፤ ሥር ሥሩን ይበላበታል፤ ጉድጓዱን እያሳደደ ይገድለዋል፤ ማንም አይወቅሰውም። ባሌ ተራሮች ላይ ስትወጡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ያለው ግዙፍ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የትም የለም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት አንዱ ነው። ጠቅላላ ቁጥሯ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በባሌ በዋናነት የምትኖረው እሱን እየበላች ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና የተባይ ማጥፊያ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው) አብረው የሚነበቡት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ይህን እንስሳ ማን ፈቀደልህ ይላል፤ ሌላው ይህን መርዝ ማን ፈቀደልህ ይላል። ቆፋሪ እንስሳን መግደል በሠለጠነ ሕግ ሁልጊዜ ሁለት ፈቃድ አለው፤ የእንስሳውና የመርዙ። መርዝ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ማንን እንደሚገድል አይመርጥም፤ የተመረዘውን የሚበላውም ይመረዛል።

በነገራችን ላይ ዲፕስሉትም የራሷ ጥበቃ የሚደረግለት ቆፋሪ አላት፤ አይጥ ሳይሆን ግዙፍ እንቁራሪት ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይከርምና ዝናብ ሲጥል ይወጣል። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያው አካባቢ አጥንተውታል። ቤት ለመሥራት የሚነሱ እቅዶች የእንቁራሪቱ መኖሪያ ምን ይሆናል ለሚለው መልስ እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። ነዋሪው በዚህ ሲስቅም ሲናደድም ሰምቻለሁ። «ለእንቁራሪቱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ልጄ አጠገብ ለሚሸጠው መርዝ ግን የሚጠይቅ የለም» ብሎ የሚናደድን እናት ወይም አባት አልፈርድበትም። እንቁራሪቱ ግን ጥፋተኛ አይደለም።

አሁን ወደ ኦክቶበር 2024 ልውሰዳችሁ። በሶዌቶ፣ ናሌዲ በሚባል ሰፈር፣ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። ቺፕስ ከመሰለ ከሱቅ ከሚገዛ ነገር ጋር ተያይዞ ወሬው በአንድ ቀን አገሩን ሞላው። የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ በዚያው ወር መጨረሻ ቀርበው የምርመራውን ውጤት ተናገሩ፤ ልጆቹን የገደለው ተርቡፎስ ነው አሉ። የበቆሎው መድኃኒት።

ይህ ዓይነቱ መርዝ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ላስረዳችሁ፤ ማወቁ ነፍስ ያድናል። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ መልእክቱ ሲደርስ የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። መርዙ ያንን ኢንዛይም ይይዘዋል። መልእክቱ ሳይጠፋ ይቀጥላል። ምራቅ ይዝረከረካል፣ ዕንባ ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ትጠባለች፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ መተንፈሻው ይቆማል። ትንሽ ሰውነት ያለው ሕፃን ለዚህ የሚበቃው ጥቂት ፍሬ ነው። በሆስፒታል አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በጊዜ ከደረሰ ይሠራል። «ወተት አጠጡት፣ ያስመልሰው» እያሉ ሰዓት መግደል ግን ሞት ነው።

ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ለሕዝቡ በቴሌቪዥን ንግግር አደረጉ። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ጀምሮ በመላ አገሪቱ 890 ከምግብ ጋር የተያያዙ የሕመም አጋጣሚዎች መመዝገባቸውንና 22 ሕፃናት መሞታቸውን ተናገሩ። በዚያ ንግግር ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ፤ እኔ ደጋግሜ ነው የሰማሁት። ሕፃናትን ሆን ብሎ የመመረዝ ዘመቻ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ የለም አሉ። እነዚህ ምርቶች የውጭ ዜጋ በያዘው ሱቅ ብቻ ሳይሆን ደቡብ አፍሪካዊ በያዘውም ሱቅ የመሸጥ ዕድላቸው እኩል ነው አሉ። ሰዎች ለአይጥ ብለው ከገዙት በኋላ በቤታቸው ሳያውቁ ምግብ ሊበክሉበት እንደሚችሉም አስረዱ። መንስኤው ደግሞ የአይጥ መብዛትና የቆሻሻ አለመነሳት እንደሆነ በግልጽ ተናግረዋል። እስከዚህ ድረስ እውነተኛ ንግግር ነው።

ከዚያ ወደ እርምጃው መጡ። ስለ መርዙም እርምጃ እንደሚወሰድ ተናግረዋል። ቀን የተቆረጠለትና አገሩ ሁሉ የያዘው ግን የሱቁ ነው፤ ማንኛውም ስፓዛ በ21 ቀን ውስጥ በየማዘጋጃ ቤቱ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበና የጤና መስፈርት ያላሟላ ይዘጋ። ማዘጋጃ ቤቶቹ ፊት የተሰለፈው ሰው ብዛትና የቢሮዎቹ አለመዘጋጀት ቀኑን አስገፍቶት እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ተራዘመ። የመርዙስ? ተርቡፎስ ወደ አገር እንዳይገባ ካቢኔው የወሰነው በጁን 2025 ነው። ከፕሬዚዳንቱ ንግግር ሰባት ወር ቆይቶ ማለት ነው። ለሱቁ 21 ቀን፣ ለመርዙ ሰባት ወር።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሆኜ ከተማርኩት ውስጥ እስከዛሬ የሚጠቅመኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ መንግሥት ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ችግሩ ወዳለበት ሳይሆን እጁ ወደሚደርስበት ነው። የመርዙ ሰንሰለት ረጅም ነው። አስመጪ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ የገበሬዎች ማኅበር አለ፣ ጠበቃ አለ። «የበቆሎ ምርት ይቀንሳል» የሚል ጥናት ይዞ የሚመጣ ወገን አለ፤ ይህ ክርክር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፤ አገር በቆሎ ትበላለች። የሱቁ ሰንሰለት ግን አንድ ልጅና አንድ የብረት ፍርግርግ ነው። ድምፅ አይሰጥም። ከኋላው የሚቆምለት የምክር ቤት አባል የለም። ለመዝጋት አንድ ቁልፍ ይበቃል።

እዚህ ላይ ምዝገባው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ምግብ የሚሸጥ ቤት በ2018 በወጣው፣ በአር 638 በሚታወቀው ደንብ መሠረት የጤና ተቆጣጣሪ አይቶ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል። ውሃ አለው ወይ፣ ምግቡ ከኬሚካል ተለይቶ ተቀምጧል ወይ፣ ተባይ ይገባል ወይ ብሎ ያያል። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ቤቱ የሚገኝበት ቦታ ለንግድ የተፈቀደ ስለመሆኑ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ይጠየቃል፤ የግብር ቁጥር ይጠየቃል። ለውጭ ዜጋ ደግሞ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት።

ሱቆቹ የሚያነክሱት እዚህ ላይ ነው። የንግድ ቪዛ ለማግኘት መደበኛው መስፈርት የ5 ሚሊዮን ራንድ ካፒታል ነው። ዳቦ የሚሸጥ ልጅ 5 ሚሊዮን ከየት ያመጣል? ስለዚህ አብዛኛው ወገናችን የያዘው በ1998ቱ የስደተኞች ሕግ መሠረት የሚሰጠውን የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፤ በአንቀጹ ቁጥር «ሴክሽን 22» የሚባለውን። ይህ ወረቀት በየጊዜው ይታደሳል፤ ማደሻው ሲዘገይ ሰውዬው ምንም ሳያጠፋ ሕገወጥ ይሆናል።

መብት የለም ማለት ግን አይደለም። በ2012 በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ዘመቻ አድርጎ የጥገኝነት ጠያቂዎችንና የስደተኞችን ሱቆች በመቶዎች ዘጋ። ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ተባብረው ከሰሱ። በሴፕቴምበር 2014 የጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስደተኛም ጥገኝነት ጠያቂም ራሱን በንግድ የማስተዳደር መብት እንዳለው፣ ፈቃድ ማመልከትና ማደስም እንደሚችል ፈረደ። የፍርዱ መንፈስ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ሱቁን ቀምቶ ለልመናና ለረሃብ መዳረግ የሰው ልጅን ክብር መንካት ነው የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሎ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ የመሥራት መብት በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ያልገባችሁን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። የፍርዱን ቅጂ በስልካችሁ ያዙ።

ሌላም አደጋ አለ፤ ሕጉ ሳይደርስ የሚደርስ ሰው። ዲፕስሉትን የሚያውቅ ሁሉ ኤፕሪል 2022ን ያስታውሳል። የተሰባሰቡ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ፓስፖርት ሲጠይቁ አንድ ዚምባብዌያዊ አትክልተኛ በዚያ ሌሊት ተደብድቦና ተቃጥሎ ተገደለ። ከናሌዲ ልጆች ሞት በኋላም «መርዝ ሻጮች» እየተባለ ሱቅ የተዘጋባቸው፣ የተዘረፉባቸው ብዙ ናቸው። የዘጋው ተቆጣጣሪ ሳይሆን ሰልፈኛ ነበር። በኖቬምበር 2025 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦፕሬሽን ዱዱላ በሚባለው ቡድን ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ፓስፖርትና መታወቂያ የመጠየቅ ሥልጣን የሕግ አስከባሪዎች እንጂ የግለሰቦች እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ውሳኔው ጥሩ ነው። ሌሊት ላይ በር ለሚያንኳኳው ሰው ግን ውሳኔ ማንበብ አይቻልም።

የራሳችንንም ጉድ ሳልናገር ብቀር ታማኝ አልሆንም። በሱቆቻችን ውስጥ ስንዞር ከዳቦው መደርደሪያ ሥር ያ ላስቲክ የተገኘባቸው የሉም? አሉ። አንዳንዱ ለራሱ ሱቅ አይጥ ብሎ የገዛው ነው፤ አንዳንዱ ግን ደንበኛ ስለጠየቀው ይሸጠዋል። «ካልሸጥኩ ጎረቤቴ ይሸጣል» ይላሉ። ወንድሞቼ፣ ይህ ወንጀል ነው፤ ከወንጀልነቱ በፊት ደግሞ ነውር ነው። በአንድ እጅ መርዝ ቆጥሮ በዚያው እጅ ለሕፃን ከረሜላ መስጠት ምንም ክርክር አያነሳም። በዚያ ላይ አንድ ሰው የሠራው ለሺው ይተርፋል፤ በሰው አገር የአንዱ ጥፋት የሁላችንም ስም ነው።

ይህ መርዝ ደግሞ አይጡንም በቅጡ አያጠፋም። አይጠ መጎጥ ጠርጣሪ ነው። አዲስ ምግብ ሲያይ መጀመሪያ በጥቂቱ ይቀምሳል፤ የቀመሰው ወዲያው ሲያመው ወይም ጓደኛው እዚያው ሲወድቅ ያንን ምግብ የሚሸሸው ብዙ ነው። ሃሌፒሪሚ የሚሸጠው ወዲያው ስለሚገድል ነው፤ ሬሳውን ስታዩ ደስ ይላችኋል፤ የተረፉት ግን ይማራሉ። በሕግ የተመዘገቡት የአይጥ መርዞች በአብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ የሚገድሉት ከቀናት በኋላ ስለሆነ አይጡ ከምን እንደታመመ አያውቅም። ሰው በስህተት ቢወስደውም ቫይታሚን ኬ የሚባል ማርከሻ አለው፤ ለሕክምና የሚሆን ጊዜም ይሰጣል። እነሱም ቢሆኑ ልጅ በማይከፍተው ሳጥን መቀመጥ አለባቸው።

ቀድሞ ያዙልኝ ያልኳችሁ ሂሳብ እዚህ ይመጣል። ምግቡና ጉድጓዱ ካለ የትኛውም መርዝ አይበቃም። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የመንገድ ላይ መርዝን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር አንድሪያ ሮተር ሲወተውቱ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ ድሃው መርዙን የሚገዛው ቆሻሻው ስላልተነሳለትና ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው። በአሌክሳንድራ ሰፈር ሌላ ነገር ተሞክሯል። በትምህርት ቤቶች ጉጉት ማሳደግ ጀመሩ። ጉጉት ቤተሰቧን ስትመግብ በአንድ ሌሊት ብዙ አይጥ ትይዛለች። ችግሩ፣ እንደ እኛው አገር ሁሉ እዚያም ጉጉት ሟርተኛ ናት ተብሎ ትገደላለች። ተማሪዎቹ ጫጩቶቹን ሲመግቡ ካደጉ ግን ማን ይነካብናል ይላሉ። በ2012 ደግሞ እዚያው አሌክሳንድራ 60 አይጥ በወጥመድ ይዞ ለመጣ የሞባይል ስልክ ይሰጥ ነበር። ሳቅ የሚያስመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የተመረዘ ልጅ የለም። መርዝ በበዛበት ሰፈር ደግሞ የተመረዘውን አይጥ የበላችው ጉጉት ራሷ ስለምትሞት ሁለቱን አብሮ ማስኬድ አይቻልም።

በሱቅ ላይ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ያንን ላስቲክ ዛሬውኑ ከሱቃችሁ አውጡ። በቆሻሻ ላይ አትጣሉት፣ በቦይ አታፍስሱት፤ ጠቅልላችሁ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጣችሁ፣ የማዘጋጃ ቤቱን የአካባቢ ጤና ቢሮ ጠይቁ። ዱቄቱንና ስኳሩን ከመሬት አንሱ፣ ከግድግዳ አርቁ፤ ክዳን ባለው በርሜል አስገቡ። ጉድጓዱን በሲሚንቶና በሽቦ ድፈኑ። ባለሙያ ካስጠራችሁ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ደረሰኙን ያዙ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከቃል ይልቅ ደረሰኝ ይናገራል። ልጅ ምራቁ ከተዝረከረከና ብሌኑ ከጠበበ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የላስቲኩን ቅሪት ይዛችሁ ሂዱ። የመርዝ መረጃ መስመሩ 0861 555 777 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

ያ ልጅ ከፌብሩዋሪው ቀነ ገደብ በፊት አመልክቷል። የማመልከቻውን ደረሰኝ በላስቲክ ሸፍኖ ከዳቦው በላይ ለጥፎታል። የብቃት ማረጋገጫውን ለማግኘት ወለሉን አስነጥፏል፤ ጥጉ ላይ ያለውን ጉድጓድ ግን የአከራይ ግድግዳ ስለሆነ ለማፍረስ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። ከሱቁ ወጥተን ወደ ታክሲ ማቆሚያው ስንሄድ በካርቶን ላይ ላስቲኮቹን የደረደረ ሰው አለፍን። ልጁ በአገጩ አሳየኝና ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ማን እንደሚሰማን አይታወቅም።

አሁን የሚጠበቀው የካቢኔው ውሳኔ በተግባር የሚውልበት መንገድ ነው። እገዳው የማስመጣት ነው፤ በመጋዘን ያለው ክምችት ምን ይሆናል፣ ገበሬው በምን ይተካዋል፣ ማን ይቆጣጠራል የሚሉት ይከተላሉ። አልዲካርብ ከታገደ ስንት ዓመቱ መሰላችሁ፤ ያንን ላስቲክ ግን ዛሬም ታገኙታላችሁ። በዚህ ጉዳይ ከዲፕስሉት፣ ከሶዌቶም ሆነ ከሌላ ሎኬሽን የምታውቁትን ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም። ለዛሬ በዚሁ ላብቃ።